ሦስተኛው ዙር

የመጀመሪያው ቀን ነው፤ እጃችንን ታጥበን፣
አዲስ ጋዋን ለብሰን፣
ስፌት ሊያስተምሩን
ዶክተር ይትባረክን ጠበቅን።
መጡና «አውልቁት» አሉን፣ «ጫማም ቀይሩ፤
የዛሬው መምህራችሁ ሌላ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ነው ወንበሩ።»

በዘንባባው ጥላ፣ በባጃጆቹ መሐል፣ ቁልቁል ወረድን፤ አንዱ ያጉረመርማል፦
«ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ደንገል ላጭድ ነው እንዴ?» ይላል።

ጋሽ ይማም ከደንገሉ ክምር ላይ፣ ታንኳ በጉልበታቸው ይዘው ሲያስሩ፣
ቀና ብለው አላዩንም፤ ከልጡ ጋር ነው የሚያወሩ።
ዶክተሩ ቁጢጥ አሉ፣ እንደ ተማሪ፣ ከፊታቸው፦
«ልጆች አምጥቼልዎታለሁ፤ ጣት የላቸውም፤ ጣት ይስጧቸው።»
ሽማግሌው ሳቁ። «አንተስ መቼ ነበረህ?
ስንት ታንኳ ሰጠመ አንተን ሳስተምርህ!»

ልጥ ሰጡን። አሰርን፤ ጎተቱት፤ እንደ ውሸት ተፈታ፤
ደግመን አሰርን፤ ጠበቀ፤ ልጡ ተበጠሰ በአንድ አፍታ።
«የመጀመሪያው ዙር» አሉ፣ «ሊይዝ ነው፤
ሁለተኛው ሊያጠብቅ ነው፤
ሦስተኛው ግን ለውኃ ነው፤ ገና ለሚመጣው፤
ደንገል ነገ ያብጣል፤ ቦታ ተዉለት ለነገው።
ጉልበታም ሁሉ ያጠብቃል፤ ባለሙያ ነው የሚያላላው።»

አሥራ አንድ ቅዳሜ ሄድን፤ እጄ ደንገል ደንገል ሸተተ፤
ያ አጉረምራሚው ጓዴ ግን ቀድሞን እየሄደ ሰነበተ።

አንድ ማክሰኞ ደግሞ ወሰዱን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፤
እትዬ የሺሐረግ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጆሯቸው ግን አልወጣም ለካ፤
ከመቶ የሽመና መኪና መሐል፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት፣
«ሰባተኛው ላይ ድር ሊበጠስ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድንገት።
እውነትም ተበጠሰ።
«እንዴት አወቁ?» ስንል፣ ሳቃቸው ፈሰሰ፦
«ምን አውቃለሁ ልጄ! ሠላሳ ዓመት ዝም ብዬ ሰማሁት፤
እናንተም የሰው ደረት ሲያናግራችሁ፣ ቶሎ አትናገሩበት።»

ሌላም ነበረ አንድ፣ የሐይቁን ከፍታ ጧት ጧት የሚመዘግብ፤
ስሙን ረሳሁት፤ ይቅር ይበለኝ፤
«ባዶ ቀን የለም፤ ያልተጻፈ ቀን ነው ያለው» ማለቱ ግን አልጠፋኝ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፤ መብራት ጠፍቶ፣ ጀነሬተሩ ሲያጓራ፣
ከዘጌ የመጣ ጎረምሳ አልጋው ላይ፣ እኔ በቀኝ፣ እሳቸው በግራ፤
መርፌውን ይቀበሉኛል ብዬ እጄን ብዘረጋ፣
እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል፤ ከአልጋው ራቅ፣ ከግድግዳው ጠጋ።
«ዙሩን ቁጠሪ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።
እንዴት እንደጠላኋቸው ያን ጊዜ!
ያ ባዶ እጅ ምን ያህል እንደከበዳቸው
ያወቅሁት ኋላ ነው፣ የራሴን ተማሪ ይዤ።

ዘንድሮ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ልጆቻቸው አመጡ ጋሽ ይማምን፤
ደንገል ሲያጭዱ ማጭድ በልቶት መዳፋቸውን።
አላወቁኝም፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔም አፌን ሸፍኛለሁ፤
ዘቢደር ከጎኔ ቆማለች፤ መርፌውን ለእሷ ሰጠሁ።
እጄን ደረቴ ላይ አጣመርሁ። ከበደኝ።
ላብ በጀርባዬ ወረደኝ።

አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ ቆም አለች፤
ትንሽ፣ የፀጉር ያህል፣ አላላች።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ወደ መብራቱ አነሡ፤ አገላበጡ፤
ቋጠሮውን አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣታቸው፣ እየዳሰሱ ቆጠሩ፤ ደግመው ከአንድ ጀመሩ።
«ይህን ማን አስተማረሽ?» አሏት።
ልጅቷ ወደ እኔ ጠቆመች።
እኔ ወደ እሳቸው።
ሳቁ መሰለኝ፤ ወይም ቁስሉ ጠዘጠዛቸው።
«ደህና ነው» አሉ ቆይተው፤
«አራተኛዋ ግን ጠብቃለች፤ ፍቺና ድገሚያት።»